ስልሳ አንድ ሚሊ ሜትር

ከሉማሜ በላይ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር፣
ጣሳ ተክያለሁ ዝናብ የሚቆጥር።
በየቀኑ ጧት ጧት፣ ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣
ጎንበስ ብዬ አያለሁ፣ ቁርስም ሳልበላ፤
ቁጥሩን እጽፋለሁ በሰማያዊ ቀለም፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ የዘለልኩት የለም።
ጎረቤቴ ይርሳው ሲያገኘኝ ይለኛል፦
«ዘንቦ ካለቀ ውኃ ምን ጥቅም ይገኛል?»

መስከረም ሃያ ሦስት ግን አየሁ አነሣሡን፤
ዓባይ በረሃ ውስጥ ሲጠነስስ ድግሱን።
ከገደሉ ግርጌ የጋለ ትንፋሽ ወጣ፣
በደጀን ዳገት ላይ እያዘገመ መጣ፤
ጮቄ ግን ከማዶ፣ ብርዱን ተከናንቦ፣
መንገደኛውን ያይ ነበር ቅንድቡን ሰብስቦ።
ሙቀቱ ላይ ሲወጣ፣ ብርዱ ታች ሲወርድ፣
በሁለቱ መሐል ቆመ የደመና ግንድ፤
ሰባት ሰዓት ላይ የጥጥ ባዘቶ ነበር፣
ስምንት ላይ ተራራ፣ ዘጠኝ ላይ ሌላ አገር፤
አናቱ ጠፍጣፋ፣ የአንጥረኛ መስፍ፣
ሆዱ የድስት ቂጥ፣ መብረቅ የሚያራግፍ።
ውስጡ ጠብታ አለች፤ ወጥታ ትበርዳለች፣
ወርዳ ትረጥባለች፣ ደግማ ትወጣለች፣
ልብስ በልብስ ደርባ እንደ ቀይ ሽንኩርት፣
ነፋስ ሰልችቶት ከእጁ እስኪጥላት።

መሪጌታ ጥበቡ ከቤቱ ወጣና፣
መቋሚያውን ሰቅሎ ወደ ላይ ቃኘና፣
«ወደ ጫካው እለፍ፣ አዝመራ ወደሌለው!»
ብሎ ገዘተበት፤
ለዚህ ለዚህ አይደል በየቤቱ ቁና ስንዴ ያለው?
እሱ በቃሉ ቆመ፣ እኔ በጣሳዬ፤
ሁለታችንም ሸሸን፣
እሱም ከነመቋሚያው፣ እኔም ከነጃንጥላዬ።

መጀመሪያ ዝምታ።
ወፍ የለም። ውሻ የለም።
ከዚያ አንድ፣
ቆርቆሮው ላይ፣
እንደ ተወረወረ ጠጠር።
ከዚያ ሁለት።
ከዚያ ቁጥር ጠፋ።

ነፋሱ የአምስተኛ ክፍልን ጣራ ከማገሩ ፈልቅቆ
እንደ ደብዳቤ አጥፎ ባሕር ዛፉ ላይ ሰቀለው።
ሰሌዳው ላይ የጠዋቱ ማባዛት ነበር፤
ስድስት ሲባዛ በሰባት፣
መልሱን ዝናብ አጠበው።
ሃያ ደቂቃ። ሃያ ብቻ።

አንጓች ወጥታ ስታይ የስንዴዋን ማሳ፣
ሁሉም ተኝቶ አየች፣ አንድም አልተነሣ።
አላለቀሰችም። አንድ ዛላ ቆርጣ
በመዳፏ ጨመቀች፤ ወተት ብቻ ወጣ።
«የማዳበሪያው ዕዳ ግን ቆሟል፣ በረዶ አልመታውም» አለች፣
እንደ ቀልድ። ማንም አልሳቀም። እሷም አልደገመች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሰዓት አልጠበቅሁም፤
በዚያው ምሽት ሄድኩኝ፣ ፋኖስም አልያዝሁም።
ጣሳው እስከ አፉ በረዶ ጠጥሮበት ነበረ፤
በረዶ አይለካም ውኃ ሆኖ ካልቀረ።
ደረቴ ውስጥ ከተትሁት፣ ከሸሚዜ በታች፣
እንደ ታመመ ጠቦት። ሌሊቷ ረዘመች።
ጎህ ሳይቀድ ቀለጠ። ቀዳሁት በብልቃጥ፤
ስልሳ አንድ ሚሊ ሜትር፣ ከአንድ ጣት የማትበልጥ።

ይርሳው ከኋላዬ ቆሟል። አልሳቀም።
«ስንት ሆነ?» አለኝ። ነገርኩት። አልጠየቀም ሌላ፤
ቆይቶ ግን፦ «በደንብ ጻፋት እሺ፣ ቀለሟን አጥብቀህ፣
ነገ ‹ምንም አልዘነበም› የሚል ሰው ቢመጣ፣ እንድታሳየው ገልጠህ።»

ጻፍኩ። ከቁጥሯ ጎን «አስተያየት» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ፤
ሁለት ቃል የሚይዝ። ብዕሬ ዋለለ።
የአንጓችን ወተት፣ የሰሌዳውን ሰባት
በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ እንዴት አድርጌ ላግባት?
«በረዶ፣ ከነፋስ» ብዬ ደብተሩን ዘጋሁት።

ውጪ ሰማይ ጠርቷል። ጮቄ በጨረቃ
ነጭ ለብሶ ተኝቷል።
ከታች፣ ከዓባይ በኩል፣ አንድ ትንፋሽ ነቃ።